የ1 ዶላር የፖከር ቶርናመንት አጨዋወት፦ ባለ 9 ሰው ሲት-ኤንድ-ጎ ከመጀመሪያው ካርታ እስከ መጨረሻው

ይህ መመሪያ ቴክሳስ ሆልደም መጫወት ለሚችል፣ ግን በትንንሽ የኦንላይን ቶርናመንቶች ሁሌ አራተኛና አምስተኛ ሆኖ እየወጣ ለተቸገረ ሰው ነው። ፍለሽ ከስትሬት ይበልጥ እንደሆነ ገና የምትጠይቅ ከሆነ መጀመሪያ በነጻ ቺፕ ሁለት ሳምንት ተጫወት፣ ከዚያ ተመልሰህ አንብበው።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ጨዋታ ብቻ ነው፦ ባለ 9 ሰው ሲት-ኤንድ-ጎ። የሚጀመርበት የተወሰነ ሰዓት የለውም፤ 9ኛው ሰው ሲመዘገብ ይጀመራል። መግቢያው 1 ዶላር ነው፣ በላዩ ላይ ለሳይቱ የሚከፈለው ደግሞ 10 ሳንቲም። ሁሉም በ1,500 ቺፕ ይጀምራል። ብላይንዱ (ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በተራ የሚከፍሉት የግዴታ ውርርድ፣ ትንሹና ትልቁ) ከ10/20 ይነሳና በየጥቂት ደቂቃው ያድጋል። ከተሰበሰበው 9 ዶላር ላይ አንደኛ 4.50፣ ሁለተኛ 2.70፣ ሦስተኛ 1.80 ይወስዳል። አራተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። ቁጥሮቹ ከሳይት ሳይት ትንሽ ይለያያሉ፣ ግን 50፣ 30 እና 20 ከመቶ የሚለው አከፋፈል የተለመደ ነው። እሱን በደንብ ያዘው፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመነጨው ከሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመቀመጥህ በፊት

መጀመሪያ ያለህበት ቦታ ይፈቅዳል ወይ የሚለውን አጣራ። እኔ ያለሁት ፊላደልፊያ ነው፤ ፔንስልቬኒያ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ፈቃድ ባላቸው ሳይቶች ላይ እንዲጫወት ትፈቅዳለች። ኒው ጀርሲ፣ ሚሺጋንና ኔቫዳም እንደዚሁ። ሲያትል ላላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዋሺንግተን ስቴት በ2006 ባወጣችው ሕግ የኦንላይን ቁማር ከባድ ወንጀል ነው። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ያላችሁ ደግሞ ቁማር በጠቅላላ ክልክል መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለ1 ዶላር ጨዋታ የመኖሪያ ፈቃድን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። አካባቢህን በሚደብቅ ቪፒኤን መጫወትም አልመክርም፣ ሳይቱ ሲደርስበት ሂሳብህን ሊዘጋና ገንዘብህን ሊይዝብህ ይችላል።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ለዚህ ጨዋታ ብቻ የሚሆን ከ50 እስከ 100 መግቢያ ለብቻው አስቀምጥ፣ ማለትም ከ55 እስከ 110 ዶላር። ይህን ያህል ለምን? ጥሩ ተጫዋች ከ10 ጨዋታ በ4ቱ ሽልማት ውስጥ ይገባል እንበል። ይህ ሰው እንኳን 10 ጨዋታ በተከታታይ ባዶውን የመውጣት ዕድሉ ከ165 አንድ ያህል ነው። በዓመት ብዙ መቶ ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ይህ መምጣቱ አይቀርም። 10 ዶላር ብቻ ይዘህ ከገባህ በዚያ ሳምንት ታልቃለህ፣ አጨዋወትህ ጥሩ ይሁን መጥፎም አታውቅም። ሲያልቅ ከቤት ኪራይ ወይም ከዕቁብ ብር ላይ አትሙላ። እጅህ ወደዚያ መሄድ ከጀመረ ጨዋታውን አቁምና ለምትቀርበው ሰው ንገር፤ ሳይቶቹም ራስህን የምታግድበት ቁልፍ አላቸው፣ ተጠቀምበት።

ትርፉንም በልኩ እየው። በእያንዳንዱ ጨዋታ በአማካይ 10 ከመቶ ብታተርፍ ያ 11 ሳንቲም ነው፣ ከ100 ጨዋታ 11 ዶላር። ገቢ አይደለም። እኔ ይህን ጨዋታ የምወደው በትንሽ ገንዘብ ከባድ ውሳኔ መወሰን ስለሚያስተምር ነው።

ደረጃ 2፦ የቺፑን እውነተኛ ዋጋ እወቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስትጀምር ያሉህ 1,500 ቺፖች ዋጋቸው 1 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ካርታ ኦል-ኢን ገብተህ (ያለህን ቺፕ በሙሉ አስገብተህ) አሸነፍክና 3,000 ሆኑ። አሁን ዋጋቸው 2 ዶላር ይመስልሃል አይደል? አይደለም፣ 1.83 ያህል ነው። ምክንያቱም 13,500ውን ቺፕ በሙሉ ብትሰበስብም የምታገኘው 4.50 እንጂ 9 ዶላር አይደለም፤ ቀሪው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ይከፈላል። ስለዚህ የምታጣው ቺፕ ሁሌ ከምታገኘው ቺፕ የበለጠ ውድ ነው።

ይህን የሚያሰላው ዘዴ አይሲኤም ይባላል። ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልግህም፣ የሚያመጣውን ውጤት ግን እወቅ። በመጀመሪያው ካርታ የሌላውን ሰው ኦል-ኢን ለመቀበል 50 ከመቶ የማሸነፍ ዕድል አይበቃም፣ 55 ያስፈልግሃል። ኤስ-ኪንግ ይዘህ ተቃራኒህ ጥንድ ጃክ ቢኖረው ዕድልህ ከ50 በታች ነው። ካርታው ያምራል፣ ልብን ይሰርቃል፣ ግን 9 ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ በመጀመሪያው ደቂቃ በሱ ሕይወትህን አትስጥ።

ደረጃ 3፦ ብላይንዱ ትንሽ እስካለ ድረስ ጣል

ከ10/20 እስከ 25/50 ባሉት ደረጃዎች ከ10 ካርታ 8ቱን ወይም 9ኙን መጣል አለብህ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በ1 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ራሱን አጥፍቶ ይወጣል፣ አንተም ምንም ሳታደርግ ወደ ሽልማቱ ትጠጋለህ።

የምትጫወተው ምንድን ነው? ጥንድ ኤስ፣ ጥንድ ኪንግ፣ ጥንድ ኩዊን እና ኤስ-ኪንግ ከየትም ቦታ ሬይዝ ይደረግባቸዋል (ውርርዱ ከፍ ይደረግባቸዋል)። ጥንድ ጃክ፣ ጥንድ 10 እና ኤስ-ኩዊን ደግሞ የመወሰን ተራህ ወደ መጨረሻ ሲሆን፣ ከፊትህ ሬይዝ ያደረገ ሰው ከሌለ። መጠኑ የብላይንዱ 3 እጥፍ ነው፣ ከዚያ ብላይንዱን ብቻ ከፍሎ ለገባ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ብላይንድ ጨምር። ለምሳሌ ብላይንዱ 10/20 ሆኖ ሦስት ሰው 20፣ 20 ከፍሎ ቢገባና አንተ ጥንድ ኪንግ ብትይዝ 120 ታደርገዋለህ። 40 ብቻ ብታደርግ አራት ሰው ይከተልሃል፣ ከአራት ሰው ጋር ጥንድ ኪንግ ተራ ካርታ ነው።

ትንንሽ ጥንዶች፣ ከ2 እስከ 6 ያሉት፣ በርካሽ ሲገኙ ብቻ ይገባባቸዋል። ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ላይ ሦስተኛውን የማግኘት ዕድልህ ከ8 ወይም ከ9 ጊዜ አንዴ ነው። ስለዚህ የምትከፍለው ከተቃራኒህ ቺፕ አንድ አስራ አምስተኛ ካለፈ ተወው። ካላገኘኸው ያለ ጸጸት ጣል። ካገኘኸው ግን አትደብቀው፣ ወዲያው መወራረድ ጀምር።

ፍሎፑ ከወጣ በኋላ አንድ ሕግ ብቻ ያዝ፦ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ብለፍ አታድርግ፣ ማለትም ካርታ ሳይኖርህ ያለህ መስለህ አትወራረድ። የ1 ዶላር ተጫዋች ኮል ማድረግ (ውርርድን መቀበል) ይወዳል። ኤስ-ኪንግ ይዘህ ኪንግ-7-2 ከወጣና ፖቱ 150 ከሆነ 100 አስገባ። ተርኑ (አራተኛው ካርታ) ላይም እንደዚሁ ጨምር፣ ጥንድ 7 ይዞ እስከ ሪቨር (አምስተኛው ካርታ) የሚከተልህ ሰው አይጠፋም። ሆኖም ሲከተልህ የቆየው ዝምተኛ ሰው ተርኑ ላይ በድንገት ትልቅ ሬይዝ ካደረገ አምነህ ጣል። እንዲህ ያለው ሰው ብለፍ ሲያደርግ ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥንድ ወይም ሦስት አንድ ዓይነት ይዟል።

ደረጃ 4፦ ብላይንዱ 50/100 ሲደርስ

ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ሰው ቀርቷል፣ አንተም እዚያው 1,500 አካባቢ ነህ። ያ 15 ብላይንድ ነው። ከዚህ በኋላ ሬይዝ ተደርጎ እያለ "እስቲ ፍሎፑን ልይ" ብለህ አትግባ። ወይ አንተ ሬይዝ ታደርጋለህ፣ ወይ ትጥላለህ። መጠኑን ወደ 250 አውርደው። ከበተኑ (ከካርታ አዳዩ ወንበር) ወይም ከሱ በፊት ካለው ወንበር ላይ ሆነህ ሁሉም ከጣለልህ በኤስ-10፣ በኪንግ-ጃክ፣ በጥንድ 7 ብላይንዶቹን ለመውሰድ ሞክር። በዙር አንዴ ከተሳካልህ ባለህበት ትቆያለህ፣ ይህ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ 10 ብላይንድና ከዚያ በታች

እዚህ ጨዋታው ቀላል ይሆናል፣ ድፍረት ግን ይጠይቃል። ምርጫህ ሁለት ነው፦ ኦል-ኢን ወይም ፎልድ (መጣል)። ትንሽ ሬይዝ አድርጎ መጣል የሚባል ነገር የለም፣ ከቺፕህ ሩቡን ወይም ሦስተኛውን እጅ አስገብተህ ከዚያ መጣል አትችልምና።

ብላይንዱ 100/200 ነው፣ አንተ 1,800 ይዘህ በተኑ ላይ ተቀምጠሃል፣ ከፊትህ ያሉት ጥለዋል። ካርታህ ኤስ-5 ነው። ኦል-ኢን ግባ። ሁለቱ ብላይንዶች ከጣሉ 300 አገኘህ፣ ያ ካለህ ላይ አንድ ስድስተኛ ነው። ቢቀበሉህም ብዙ ጊዜ ከ10 ሦስት ወይም አራት ጊዜ ታሸንፋለህ። ራስህ ስትገፋ፣ ማለትም ቀድመህ ኦል-ኢን ስትገባ፣ የምታሸንፍበት መንገድ ሁለት ነው፣ እነሱ ይጥላሉ ወይም ካርታህ ያሸንፋል። ሌላው ገፍቶ አንተ ስትቀበል ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለመቀበል የሚያስፈልገው ካርታ ለመግፋት ከሚያስፈልገው ይበልጥ ጠንካራ መሆን ያለበት። ዴቪድ ስክላንስኪ የሚባለው የፖከር ጸሐፊ ይህን ክፍተት ስም ሰጥቶት በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ አድርጎታል።

"ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ልጠብቅ" ብትልስ? ሁለት ዙር ስትጠብቅ 600 ቺፕ ይበላብሃል። 1,200 ይዘህ ስትገፋ ትልቁ ብላይንድ 1,000 ጨምሮ 1,500 ለማሸነፍ ይሞክራል፣ 40 ከመቶ ዕድል ካለው ያዋጣዋል። እስከ 600 ከጠበቅክ ደግሞ እሱ የሚጨምረው 400 ብቻ ነው፣ 31 ከመቶ ይበቃዋል፣ ይህን ደግሞ አብዛኛው ካርታ አለው። ማንም የማይፈራህ ደረጃ ከመድረስህ በፊት ግፋ። ከ6 ብላይንድ በታች መውረድ የለብህም።

የትኛውን ካርታ? እንደ ወንበርህ ነው። ከኋላህ ብዙ ሰው ካለ ከጥንድ 7 ጀምሮ፣ ኤስ-ጃክና ከዚያ በላይ። በተኑ ላይ ማንኛውም ጥንድ፣ አብዛኛው ኤስ ያለበት፣ ኪንግ-10፣ ኩዊን-ጃክ። ትንሹ ብላይንድ ላይ ሆነህ አንድ ሰው ብቻ ከቀረ ከግማሽ በላዩን መግፋት ትችላለህ፣ ያ ሰው ሁሉን ነገር የሚቀበል ካልሆነ።

ደረጃ 6፦ አራት ሰው ሲቀር

ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። አንድ ሰው ሲወጣ ሦስቱ ሽልማት ያገኛሉ። በፖከር ቋንቋ በብል ይባላል። ሁላችሁም እኩል 3,375 ብትይዙ የእያንዳንዳችሁ ዋጋ 2.25 ዶላር ነው። ኦል-ኢን ተቀብለህ ብታሸንፍ ቺፕህ እጥፍ ይሆናል፣ ዋጋህ ግን ወደ 3.45 ብቻ ያድጋል። ብትሸነፍ ዜሮ። ስለዚህ ለመቀበል 65 ከመቶ ዕድል ያስፈልግሃል፤ ትልቁን ብላይንድ አስቀድመህ ከፍለህ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ይላል።

አሁን ደግሞ ቺፑ እኩል ካልሆነ እንይ፣ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይህ ነው። አንዱ 6,000፣ አንተ 4,000፣ ሦስተኛው 2,700፣ አራተኛው 800 ይዘዋል። ብላይንዱ 100/200 ነው። ሁለቱ ጣሉ፣ ባለ 6,000ው ከትንሹ ብላይንድ ኦል-ኢን አለ። አንተ ትልቁ ብላይንድ ላይ ኤስ-ኩዊን ይዘሃል። ምን ታደርጋለህ?

ብትጥል 3,800 ይዘህ ትቀራለህ፣ ዋጋው 2.68 ያህል ነው። ብትቀበልና ብታሸንፍ 8,000 ይኖርሃል፣ ዋጋው 3.63። ስታካፍለው 74 ከመቶ ዕድል ያስፈልግሃል። ሰውየው ካርታውን ሳያይ፣ በማንኛውም ካርታ የሚገፋ ቢሆን እንኳ ኤስ-ኩዊን የሚያሸንፈው 64 ከመቶ ገደማ ነው። ጥንድ 9 እንኳ 72 ነው። መቀበል የሚያዋጣው ከጥንድ 10 ጀምሮ ነው። ኤስ-ኩዊኑን ጣል።

እኔ ይህን ሒሳብ ከማወቄ በፊት እንዲህ ባለ ቦታ ላይ በኤስ-ኩዊን፣ በኤስ-ጃክ፣ በጥንድ 8 እየተቀበልኩ ስንት ጊዜ አራተኛ ሆኜ እንደወጣሁ አልቆጠርኩትም። ምክንያቱ ካርታው አልነበረም። ሰውየው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲገፋብኝ "ናቀኝ" የሚል ስሜት ውስጤ ይነሳ ነበር። ፈረንጆቹ ቲልት ለሚሉት ነገር እኛ ጥሩ ስም አለን፦ እልህ። እልህ የሚመጣው ከተሸነፍን በኋላ ብቻ ይመስለናል፣ ግን ሳንሸነፍም ይመጣል፣ ተደፈርኩ ስንል። ያ ሰው አያውቅህም፣ አንተንም አልናቀም፤ ቺፕ ስለበዛለትና አንተ መውጣት ስለማትፈልግ ትክክለኛውን ነገር እያደረገ ነው። ባለ 800ው ሰው በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ካርታዎች ብላይንዱ ይይዘዋል። እሱ እስኪወጣ ቆይ።

ይህንኑ ገልብጠህ አስበው። ባለ 6,000ው አንተ ስትሆን መካከለኛዎቹን አስጨንቅ። ባለ 4,000ውና ባለ 2,700ው ከአንተ ጋር መጋጨት አይፈልጉም፣ ስለዚህ በደካማ ካርታም ግፋባቸው። ባለ 800ውን ግን በባዶ ካርታ አትግፋበት፣ እሱ የሚያጣው የለውምና ይቀበላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በ1 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ይህን ሒሳብ የማያውቅ፣ ኤስ-7 ባየ ቁጥር የሚቀበል ሰው ይኖራል። ይህን ሰው ቀደም ብለህ ለይተህ ስሙ ላይ ማስታወሻ ጻፍ፣ ሳይቶቹ ማስታወሻ መጻፊያ አላቸው። በሱ ላይ የምትገፋው በጥሩ ካርታ ብቻ ነው።

ባለ 800ው አንተ ከሆንክስ? አራት ብላይንድ ብቻ ነው ያለህ። ትልቁ ብላይንድ እስኪደርስብህ አትጠብቅ። ማንኛውም ኤስ፣ ማንኛውም ጥንድ፣ ሁለት ትልልቅ ካርታ ሲመጣ ግፋ። ከተቻለ ብላይንዱ ላይ ያሉት መካከለኛዎቹ ሲሆኑ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ሦስት ሰው፣ ከዚያ ሁለት

ሦስት ስትቀሩ 1.80 ኪስህ ገብቷል። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ እፎይ ይልና መጠንቀቁን ይቀጥላል፣ ስህተት ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ያለው ልዩነት 90 ሳንቲም፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ያለው ግን 1.80 ነው። አሁን ተጫወት። በተኑ ላይ ስትሆን ደጋግመህ ግፋ።

ሁለት ስትቀሩ ስለ ቺፕ ዋጋ የነገርኩህን ሁሉ ርሳው። ሁለታችሁም 2.70 አግኝታችኋል፣ የቀረው 1.80 ለአንዱ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቺፕ እኩል ዋጋ አለው። በተኑ ትንሹን ብላይንድ ይከፍላል፣ ከፍሎፕ በፊትም ቀድሞ የሚወስነው እሱ ነው። ከመካከላችሁ ቺፑ ያነሰው ከ10 ብላይንድ በታች ከሆነ በማንኛውም ኤስ፣ በማንኛውም ኪንግ፣ በማንኛውም ጥንድ፣ በአብዛኛው ኩዊን ግፋ። ከዚህ በኋላ የዕድል ድርሻ ትልቅ ነው፣ ብትሸነፍም አትቆጭ።

ደረጃ 8፦ ከጨዋታው በኋላ

ሳይቱ የተጫወትካቸውን ካርታዎች በሙሉ ያስቀምጥልሃል። በየጨዋታው ሦስት ካርታ ምረጥ፣ በተለይ አራትና አምስት ሰው በቀረበት ጊዜ የወሰንካቸውን። አይሲኤምአይዘር የመሳሰሉ ማስሊያዎች ላይ የሁሉንም ቺፕ፣ ብላይንዱንና ካርታህን አስገባ፣ መግፋትህ ወይም መቀበልህ ያዋጣ እንደነበር ይነግሩሃል። ይህን የምታደርገው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፣ እየተጫወቱ ማስሊያ መክፈት በአብዛኞቹ ሳይቶች ያስቀጣል።

ውጤቱን በደብተር ያዝ፦ ቀን፣ ስንተኛ እንደወጣህ፣ የወጣህበት ካርታ። በ30 ጨዋታ ራስህን አትፍረድ፣ ያ ዕድል ነው። 500 ሲሞላ ማየት ትጀምራለህ። እስከዚያው በአንድ ጠረጴዛ ብቻ ተጫወት። 3 ሰው ብቻ የሚጫወትባቸውን፣ ሽልማቱ በዕጣ የሚወሰነውንና ብላይንዱ እንደ ጥይት የሚሮጠውን ዓይነት ለጊዜው ተዋቸው። እዚያ የምትለማመድበት ጊዜ የለም። እኔ ደብተሬን ሳገላብጥ "4ኛ፣ ኤስ-ኩዊን፣ ተቀበልኩ" የሚለው መስመር ከየት ገጽ ጀምሮ እየቀነሰ እንደመጣ በዓይኔ ይታየኛል።